የአያቴ ዕድሜና 194,313 የተባለው ቁጥር

ቁጥር ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው የወር ደመወዛችንን ነው። ተማሪ የሆነ ደግሞ የፈተና ውጤቱን ያስባል። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ትንንሽ ቁጥሮች ስለሆኑ ደስታቸው አይረዝምም። እኔ ግን ዛሬ አንድ ተለቅ ያለ ቁጥር ላስተዋውቃችሁ እወዳለሁ፤ ይኸውም 194,313 ነው።

ይህ ቁጥር ላይ ላዩን ለሚያየው ምንም የሚማርክ መልክ የለውም። እንደ ሚሊዮን በዜሮ አላጌጠም፤ የተማሪም ሆነ የነጋዴ ጓደኛ አይደለም። ነገር ግን የፋሲካ ቀን፣ የጾም መግቢያ፣ የሳምንቱ ዕለትና የጨረቃ መታያ ሁሉ በእርሱ ታስረው ይዞራሉ። እኔም ትርጉሙን የተረዳሁት በዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳይሆን ከአያቴ አባት ዳዊት ዳር ላይ በተጻፈች አንዲት መስመር ምክንያት ነው።

«በግምት»

አያቴ የሚኖሩት ከጎንደር በስተሰሜን፣ በዳባት በኩል ባለው ደጋ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት መታወቂያ ለማውጣት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደው ነበር። ጸሐፊው የተወለዱበትን ዓመት ቢጠይቃቸው «ጣልያን ከወጣ ወዲህ ነው» አሉት። ጸሐፊውም ፊታቸውን አየት አደረገና «1950 ዓ.ም. በግምት» ብሎ ጻፈ። ሰልፉ ረጅም ነበርና ልንወቅሰው አንችልም።

ነገሩ የከነከናቸው ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ነው። ታናሽ ወንድማቸው ትምህርት ቤት የገቡ ሰው ስለነበሩ የልደታቸው ዓመት 1944 ተብሎ በወረቀት ሰፍሯል። እንግዲህ በወረቀቱ መሠረት አያቴ የወንድማቸው ታናሽ ሆኑ ማለት ነው። «አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ታላቄ ሆነ!» ብለው መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው ግን ዝም አሉና፣ «ስሞትስ በመቃብሬ ላይ ግምት ይጻፋል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እኔም የሒሳብ መምህር ነኝና መልስ የምሰጥ መስሏቸው ነበር። መልስ አልነበረኝም። በዚያ ጊዜ አባታቸው ይደግሙበት የነበረውን የብራና ዳዊት ከማኅደሩ አውጥተው ሰጡኝ። በአንዱ ቅጠል ዳር ላይ በቀጭን ብርዕ፣ ሴት ልጅ በዘመነ ሉቃስ፣ በአበቅቴ 9፣ የካቲት 16 ቀን መወለዷ ተጽፏል። ዓመተ ምሕረት የሚባል ነገር የለበትም።

ጽሕፈቱን በወረቀት ገልብጬ ጎንደር ለሚኖሩ አንድ መሪጌታ አሳየኋቸው። የኔታ ወረቀቱን አነበቡ፤ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ፤ በጣታቸው አንጓ ጥቂት ቆጠሩ። የቡናው አቦል ገና አልተቀዳም ነበር። «ሴትዮዋ ዛሬ በሕይወት አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎን፣ የኔታ» አልሁ። «እንግዲያውስ 1939 ነው» አሉ።

እኔ ያለ ወረቀት የማልሞክረውን እርሳቸው ስኒው ሳይሞላ ጨረሱት። አፈርሁ፤ ነገር ግን እፍረቱ ጠቀመኝ።

የኔታ ያደረጉት ምንድን ነው?

ባሕረ ሐሳብ የተባለው የዘመን አቆጣጠር ትምህርት ከዓመተ ዓለም ይነሣል። ዓመተ ዓለምን ለማግኘት በዓመተ ምሕረት ላይ 5500 መጨመር ነው። ይህን ድምር በ4 ስናካፍል ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ደግሞ ዮሐንስ ይሆናል። ያንኑ ድምር በ19 አካፍለን ከቀሪው 1 ስንቀንስ «ወንበር» የሚባለውን እናገኛለን። ወንበሩን በ11 አባዝተን ከ30 በላይ የሆነውን ስንገድፍ አበቅቴ ይወጣል። በ11 ፋንታ በ19 ስናባዛ ደግሞ መጥቅዕ ይሆናል። 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሞሉ፣ አበቅቴና መጥቅዕም ሁልጊዜ ተደምረው 30 ናቸው። መምህራኑ ስሌታቸውን የሚፈትኑት በዚህ ነው።

ለመሆኑ 11 ከየት መጣች? የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ሲሆን ዐሥራ ሁለት የጨረቃ ወር ግን 354 ቀን ያህል ነው። የልዩነቱ 11 ቀን አበቅቴ ነው።

አሁን ወደ አያቴ እንመለስ። አበቅቴያቸው 9 ነው። ከአበቅቴ ወደ ወንበር ለመመለስ ምን ማድረግ ይገባል? አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ጠባይ ታያላችሁ። 11 በ11 ሲባዛ 121 ነው፤ ከ121 ላይ አራት ጊዜ 30 ሲገደፍ 1 ይቀራል። ስለዚህ በ11 የተቈለፈው በ11 ይከፈታል። 9 በ11 ሲባዛ 99፣ ሦስት ጊዜ 30 ሲገደፍ 9 ነው። ወንበሩ 9 ከሆነ ዓመተ ዓለሙ በ19 ሲካፈል 10 ይተርፋል ማለት ነው።

እንግዲህ በ19 ሲካፈል 10፣ በ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈውን መፈለግ ነው። 10፣ 29፣ 48፣ 67 እያልን ስንሄድ ሁለቱን የሚያሟላው 67 ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው 76 ዓመት ቆይቶ ነው፤ 4 በ19 ሲባዛ 76 ነውና። ይህን ዙር ሊቃውንቱ ዐውደ ማኅተም ይሉታል። በእኛ ዘመን አካባቢ ይህን የሚያሟሉት ዓመታት 7363፣ 7439 እና 7515 ናቸው። 5500 ሲቀነስላቸው 1863፣ 1939 እና 2015 ይሆናሉ። በ1863 የተወለደ ዛሬ በሕይወት አይገኝም፤ በ2015 የተወለደች ደግሞ ገና ሕፃን ናት። የኔታ «በሕይወት አሉ?» ብለው የጠየቁት ለዚሁ ነበር።

ከ76 ወደ 532

ነገር ግን ዳዊቱ የጥንት ቢሆንና ባለቤቱን የሚያውቅ ባይኖርስ? ያን ጊዜ ሦስተኛ ምስክር ያስፈልጋል፤ እርሱም ዕለት ነው። በ1863 መስከረም 1 ቀን ቅዳሜ ነበር፤ በ1939 ረቡዕ፣ በ2015 እሑድ ዋለ። ወንጌላዊውና አበቅቴው አንድ ሆኖ ዕለቱ ግን ይለያያል። ሦስቱም እንደገና የሚገናኙት ሰባት ጊዜ 76፣ ማለት 532 ዓመት ሲሞላ ነው። ይህ ታላቅ ዙር ዐቢይ ቀመር ይባላል።

ሦስት ነጋዴዎች በቅሎ ጭነው ጎንደር ገበያ ይመላለሳሉ እንበል። አንዱ በየ4 ቀኑ፣ ሁለተኛው በየ7 ቀኑ፣ ሦስተኛው በየ19 ቀኑ ይመጣል። ዛሬ ሦስቱም ከተገናኙ እንደገና በአንድነት የሚገናኙት መቼ ነው? 4፣ 7 እና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ትንሹ የጋራ ብዜታቸው ብዜታቸው ራሱ ነው፤ 532። ተማሪዎች ሆይ፣ በመማሪያ መጽሐፋችሁ «ትንሹ የጋራ ብዜት» የሚለው ምዕራፍ አሰልቺ መስሎ የሚታያችሁ ነጋዴዎቹ ስላልተነገሯችሁ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ በ532ቱ ዓመት ውስጥ ወንጌላዊ፣ ዕለትና ወንበር አንድ ላይ የሚሰጡት እያንዳንዱ ጥምረት አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል። የሚደገም የለም፤ የሚቀርም የለም። የጎንደር ነገሥታት ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች በየዓመቱ መግቢያ ላይ ወንጌላዊውን፣ አበቅቴውንና ዕለቱን ይጽፉ የነበረው ለጌጥ ብቻ አልነበረም። አንዱ ቁጥር በገልባጭ ስሕተት ቢጠፋ ሌሎቹ ይመሰክራሉ።

ቁጥሩ ሲፈታ

አሁን ዓመቶቹን ወደ ቀን እንለውጥ። በባሕረ ሐሳብ አንድ ቀን 60 ኬክሮስ ነው፤ አንድ ዓመት ደግሞ 365 ቀን ከ15 ኬክሮስ፣ ማለት ከሩብ ቀን ነው። በ532 ዓመት ሩቦቹ ተጠራቅመው 7,980 ኬክሮስ ወይም 133 ሙሉ ቀን ይሆናሉ። 532 በ365 ሲባዛ 194,180 ነው። 133 ሲጨመርበት የተነሣንበት ቁጥር 194,313 ይመጣል።

ይህን ቁጥር ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ብትከፋፍሉት 3 በ7 በ19 በ487 ሆኖ ታገኙታላችሁ። እያንዳንዱ አካፋይ የራሱ ሥራ አለው። 3 እና 487 ተባዝተው 1,461 ይሰጣሉ፤ ይህም ጳጉሜን 6 የምትሆንበትን የሉቃስን ዘመን ጨምሮ የአራቱ ወንጌላውያን ዘመን ቀን ነው። 7 የሳምንቱ ነው፤ ስለዚህ በዐቢይ ቀመር ውስጥ 27,759 ሳምንት ያለ ምንም ትርፍ ይገኛል። 19 የጨረቃ ነው፤ በ19 ዓመት 235 የጨረቃ ወር ስለሚቆጠር በ532 ዓመት 6,580 ወር ይሆናል። በ19 ዓመትና በ235 ወር መካከል ያለውን ስምምነት የአቴናው ሜቶን በ432 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አውጆታል። ባሕረ ሐሳብን ያዘጋጀው ዐሥራ ሁለተኛው የእስክንድርያ ፓትርያርክ ድሜጥሮስ እንደሆነ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ያስተምራል። የ532ቱን ዓመት ዙር ለፋሲካ ሥራ ካዋሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ደግሞ በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረው የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስ ነው።

7,980 የሚለውን ቁጥር በልባችሁ ያዙልኝ። በ1583 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጆሴፍ ስካሊጀር የተባለ ሊቅ 28፣ 19 እና 15ን አባዝቶ የ7,980 ዓመት ዙር አበጀ። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ቀን የሚቆጥሩት ከዚያ ዙር መነሻ ጀምረው ነው። የእርሱ 15 የሮማውያን የግብር ዙር ሲሆን የእኛው 15 የሩብ ቀን ኬክሮስ ነው። ሁለቱ መንገዶች የማይተዋወቁ ሲሆኑ በአንድ ቁጥር ላይ ተገናኙ። ይህ ምሥጢር አይደለም፤ የማባዛት ሥራ ነው። ቢሆንም ደስ ያሰኛል።

እኛ ያለነው የት ነው?

7518ን፣ ማለት 2018 ዓ.ም.ን፣ በ532 ብናካፍለው 14 ደርሶ 70 ይተርፋል። ስለዚህ ይህ ዓመት የዐሥራ አምስተኛው ዐቢይ ቀመር ሰባኛ ዓመት ነው። ዙሩ የጀመረው መስከረም 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ነው። ዘመኑ ማቴዎስ፣ ወንበሩ አልቦ፣ ዕለቱም ጥንተ ቀመር የሚባለው ማክሰኞ ነበር። ሦስቱ ነጋዴዎች በዚያን ቀን ተገናኙ። ከአንባቢዎች መካከል ወላጆቻችሁ በዚያ ዓመት የተወለዱ ትኖራላችሁ፤ ንገሯቸው። ዙሩ የሚያበቃው በ2480 ዓ.ም.፣ በዓመተ ዓለም 7980 ነው። ያንን ቁጥር ያዙልኝ ያልኋችሁ ለዚሁ ነበር።

ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ዋና ከተማ ያደረጉት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያ ላይ 532 ስንደምር 2160 ይሆናል። እንግዲህ ጎንደር በዕድሜዋ እስካሁን አንድ ዐቢይ ቀመር እንኳ አልሞላችም።

የ2018ን ፋሲካ ለምሳሌ ያህል አብረን እናውጣ። 7518 በ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ወንበር 12 ነው። መጥቅዕ 12 በ19፣ 228፤ በ30 ሲገደፍ 18። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ይውላል። የዓመቱን መግቢያ ለማግኘት 7518 ላይ የሩቡን ደራሽ 1879 ጨምረን በ7 ስናካፍል 3 ይተርፋል። ማክሰኞ 1፣ ረቡዕ 2፣ ሐሙስ 3 ነውና መስከረም 1 ሐሙስ፣ መስከረም 18 እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ 7 ስለሆነ 18 እና 7፣ 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይሆናል። ከ532 ዓመት በፊት በ1486 ዓ.ም.፣ በዐፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ውሎ ነበር። ኮሎምቦስ አሜሪካ ከደረሰ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። በ2550ም በዚሁ ቀን ይውላል።

የ532ቱ ዓመት ፋሲካዎች በሙሉ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባሉት 35 ቀናት ውስጥ ይመላለሳሉ። ከሁሉ ቀድሞ የሚውለው መጋቢት 26 በዙሩ ውስጥ አራት ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ በ2002 ዓ.ም. አይተነዋል። ከሁሉ ዘግይቶ የሚመጣው ሚያዝያ 30ም እንዲሁ አራት ጊዜ ነው፤ አባቶቻችን በ1975 ዓ.ም. አይተውታል።

ጕድለቱን አንደብቅ

ሒሳብን የሚወድ ሰው እውነትን ይወዳልና የዚህን ቁጥር ጕድለት መሸሸግ አይገባም። 194,313 በ6,580 ሲካፈል አንድ የጨረቃ ወር 29.53085 ቀን ያህል ይሆናል። የእውነተኛዋ ጨረቃ ወር በአማካይ 29.53059 ቀን ነው። ስሕተቱ በወር 23 ሰከንድ ያህል ነው! መነጽርና ሰዓት በሌለበት ዘመን ለተሠራ ሥራ ይህ ታላቅ ክብር ነው። ሆኖም ጥቂት በጥቂት ይጠራቀማል፤ በአንድ ዐቢይ ቀመር አንድ ቀን ከሦስት ሩብ ገደማ ይደርሳል። በፀሐይ በኩል ደግሞ ስሕተቱ በዓመት 11 ደቂቃ ያህል ስለሆነ በ532 ዓመት ከ4 ቀን ጥቂት ያልፋል።

ሮማውያን ይህን ለማረም በ1582 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዐሥር ቀን ዘለሉ፤ ከጥቅምታቸው 4 ማግሥት 15 ሆነ። የአዲሱ አቆጣጠር ፋሲካ እንደ ፊቱ ለመመለስ ስንት ዓመት የሚፈጅ ይመስላችኋል? 5,700,000 ዓመት ነው። ከፀሐይ ጋር ይበልጥ ተስማማ፤ ነገር ግን በጣት አንጓ የሚያዝ መሆኑ ቀረ።

ለጎንደር ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አልነበረም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የሮማ ሃይማኖት በታወጀ ጊዜ ከሌሎቹ ለውጦች ጋር በዓላትና አጽዋማት በሮማ አቆጣጠር እንዲሆኑ ታዘዘ። ገበሬው የሚጾምበትና የሚፈስክበት ቀን ከጎረቤቱ ተለየበት። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞው ሃይማኖት ተመልሶ መንግሥቱ ለፋሲል ሲተላለፍ የቀድሞው አቆጣጠርም ተመለሰ። ቁጥር ብቻውን ሰው አያጣላም፤ ሰው ግን ከማን ጋር እንደሚጾምና ከማን ጋር እንደሚፈስክ የሚወስነው በቁጥር ነው።

መዝገብ ለያዛችሁ

አያቴን «እማማ፣ የተወለዱት በ1939 የካቲት 16 ነው፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመትዎ ነው» ስላቸው የሚገረሙ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን መንደሪናቸውን እየላጡ፣ «ሉቃስ መሆኑንማ ዐውቅ ነበር፤ የኪዳነ ምሕረት ዕለት መሆኑንም ዐውቅ ነበር። ያ ልጅ መች ጠየቀኝ?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የተጠየቁት «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ተብለው ነው፤ በዚያ ቋንቋ ደግሞ መልስ አልነበራቸውም። በራሳቸው ቋንቋ ቢጠየቁ ግን ከአራት ዓመት አንዱን ለይተው ይነግሩት ነበር። «በዘመነ ሉቃስ» የምትል አንዲት ቃል ከአራቱ ግምት ሦስቱን ትጥላለች። የጸሐፊው 1950 ዘመነ ማርቆስ ነው፤ እንግዲህ ስሕተትነቱ እዚያው በሰልፉ ላይ ይታወቅ ነበር።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የያዛችሁ ወጣቶች፣ «በግምት» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ፊታችሁ የቆሙትን ባልቴት ወይም ሽማግሌ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፤ «በየትኛው ወንጌላዊ ዘመን ነው? የሚያስታውሱት አበቅቴ ወይም በዓል አለ?» በሉ። ቀሪውን ሥራ በአራትና በዐሥራ ዘጠኝ ማካፈል ነው፤ እርሱንም ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ታውቁታላችሁ። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ ዛሬ ማታ የራሳችሁን የልደት ዓመት ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ አውጡ። አበቅቴውና መጥቅዑ ተደምረው 30 ካልሞሉ አንድ ቦታ ተሳስታችኋልና እንደገና ጀምሩ።

የወንድማቸውንም ዓመት እንድቆጥር አያቴ አዘውኛል። «እርሱም ምናልባት ግምት ይሆናል» ነው የሚሉት።